የጥንት እህል ቅሪትን ስለ መለየት



በአራተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነገሠው ዔዛና በድንጋይ ላይ ካስቀረጻቸው ጽሑፎች አንዱ፣ ድል የተነሡት የቤጃ ሰዎች ከአገራቸው ተነሥተው ሲጓዙ ኅብስትና ሥጋ እንደ ተሰጣቸው፣ ጠላና ወይን ጠጅም እንደ ጠጡ ይገልጻል። ከዚህ አጭር ቃል የንጉሡ ኃይልና ልግስና ይታወቃል። ነገር ግን እህሉ በምን ዓይነት ማሳ ላይ እንደ በቀለ፣ ገበሬው ከመካከሉ የትኛውን አረም ይነቅል እንደ ነበረ፣ ጎተራውስ ከዓመት ዓመት ምን ምን ይይዝ እንደ ነበረ ድንጋዩ አይናገርም። የዘራው፣ ያረመው፣ ያበራየውና የፈጨው እጅ ጽሑፍ አልተወም። ያ እጅ የተወው ምስክር ቢኖር በምድጃ አመድ ውስጥ የወደቀ ቅንጣት፣ በሸክላ ገጽ ላይ የታተመ ገለባ፣ በወፍጮ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የተሸሸገ ብናኝ ነው።

ይህን ምስክር የሚመረምረው የዕውቀት ዘርፍ የጥንታዊ ዕፀዋት ቅሪት ጥናት ይባላል። ሥራው በአርኪዮሎጂና በዕፀዋት ሳይንስ መካከል የቆመ ሲሆን፣ የግብርና ባለሙያውንም የገበሬውንም ዕውቀት የግድ ይፈልጋል። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል። አንድ እህል በቁፋሮ ሳይገኝ መቅረቱ በዚያ ዘመን አለመኖሩን አያስረዳም፤ መገኘቱም ብቻውን ጥንታዊነቱን አያረጋግጥም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በጥንቃቄ ያልሄደ ሰው ስለ ኢትዮጵያ እርሻ አመጣጥ የሚሰጠው ፍርድ መሠረት የሌለው ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቅሪቱ እንዴት ይቆያል?

ዘር በእርጥብ አፈር ላይ ሲወድቅ ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፤ ይበቅላል ወይም ይበሰብሳል። ከዚህ ዕጣ የሚያመልጠው በልዩ ምክንያት ነው። በግብፅ ምድር አሸዋውና ድርቀቱ የመቃብር ስጦታዎችን ሳይቀር ጠብቋል፤ ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ካርል ኩንት ከግብፅ መቃብሮች የተገኙ ፍሬዎችንና ዘሮችን መርምሮ ያወቀው ገና በ1826 ነበር። በስዊስ አገር ደግሞ ከ1853 እስከ 1854 በነበረው ክረምት የዙሪክ ሐይቅ ውሃ ሲጎድል የጥንት መንደሮች ምሰሶዎች ብቅ አሉ፤ በሐይቁ ጭቃ ውስጥ አየር ስላልነበረ እህሉም ፍራፍሬውም ሳይበሰብስ ተገኘ። ኦስቫልድ ሄር የተባለው ሊቅ እነዚህን ዕፀዋት የገለጸበት የ1865 ጽሑፍ የዚህ ጥናት መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ ግን እንደ ግብፅ ደረቅ አይደለም፤ አብዛኛው መንደርም በሐይቅ ውስጥ አልተሠራም። አፈሩ በዝናብ ይርሳል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በማረሻ ይገለበጣል። በዚህ ምክንያት በደጋው ዋናው ጠባቂ እሳት ነው። አንድ ቅንጣት በነበልባል ላይ ቢወድቅ አመድ ሆኖ ይጠፋል፤ በቂ አየር በማይደርስበት ረመጥ ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ ቢግል ግን ቅርጹን እንደ ያዘ ይከስላል። የከሰለውን ቅንጣት የአፈር ተሕዋስያን ስለማይመገቡት ለብዙ ሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እሳቱ ሁሉንም እህል በእኩል አይጠብቅም። ገብስ ለቆሎ ይቆላል፣ ለጠላም አሻሮ ይሆናል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከምጣድ እየተፈናጠረ ወደ እሳት ይገባል። ንፍሮ የሚሆነው ጥራጥሬ ግን በውሃ ስለሚበስል ከእሳት ጋር የሚገናኘው አልፎ አልፎ ነው። ጤፍ ደግሞ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ እንጀራ ሆኖ እንጂ በቅንጣቱ እምብዛም ወደ ምድጃ አይቀርብም። ስለዚህ በአመድ ውስጥ የአንድ እህል መብዛት በማዕድ ላይ ለነበረው ብዛት ቀጥተኛ መለኪያ ሊሆን አይችልም። የጓዳውን ሥራ የማያውቅ ተመራማሪ ይህን ልዩነት በቀላሉ ይስተዋል።

ወንፊቱ የሚወስነው ታሪክ

በጥንት ጊዜ የነበሩ ቆፋሪዎች ዘርን የሚሰበስቡት በዓይናቸው ሲታያቸው ብቻ ነበር። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት በደቡብ ምዕራብ ኢራን የሚገኘው የአሊ ኮሽ ቁፋሮ በግልጽ ያሳያል። በዚያ የሠሩት ፍራንክ ሆልና ኬንት ፍላነሪ ከ1961 ሥራቸው በኋላ ባወጡት የመጀመሪያ ዘገባ የዕፀዋት ቅሪት በሥፍራው እምብዛም እንደማይገኝ ጻፉ። በ1963 ተመልሰው አፈሩን በውሃ እያንሳፈፉ ሲያጥቡ ግን ከ40,000 በላይ ዘሮች ወጡ። ጉብታው በ1961ም ሆነ በ1963 ያው ነበር፤ የተለወጠው መፈለጊያው ነው። በ1968 ስቱዋርት ስትሩቨር የማንሳፈፉን ዘዴ በዝርዝር ጽፎ ካሳተመ ወዲህ አሠራሩ በብዙ አገሮች ተለመደ።

ዘዴው ለመናገር ቀላል ነው። ከምድጃ፣ ከጉድጓድ፣ ከወለልና ከቆሻሻ መጣያ የተወሰደ አፈር ተሰፍሮና ቦታው ተመዝግቦ በውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። የከሰለው ነገር ከአፈሩ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ውሃው በጥቃቅን ወንፊት ላይ ሲፈስ ቅሪቱ ይያዛል። የተያዘው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይሰነጠቃል። ከገንዳው ሥር የሚዘቅጠውም አይጣልም፤ እርሱም ይጠናል፤ ከባድ ፍሬ ከዚያ ሊገኝ ይችላልና።

ዋናው ቁም ነገር የወንፊቱ ዓይን ስፋት ነው። የጤፍ ቅንጣት ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቅንጣቶች ተሰብስበው አንድ ግራም ይመዝናሉ። ጤፍ ስሙን ያገኘው «ጠፋ» ከሚለው ቃል ነው፤ ከእጅ ከወደቀ አይገኝምና የሚል ትርጓሜ በሕዝብ ዘንድ ይነገራል። ትርጓሜው ለቋንቋ ሊቃውንት ቢተውም፣ ለቁፋሮ ሠራተኛ ግን በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ዓይኑ ሁለት ሚሊሜትር የሆነ ወንፊት ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ሽምብራውን ያስቀራል፤ ጤፉን ግን ያሳልፋል፤ ከዳጉሳውም አብዛኛው ያመልጣል።

የዚህ ውጤት ከአሠራር ጉድለት ያልፋል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስርና ሽምብራ መጀመሪያ የተለመዱት በደቡብ ምዕራብ እስያ ነው። ጤፍ ግን የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ዳጉሳም የምሥራቅ አፍሪካ። ሰፊ ወንፊት የያዘ ቆፋሪ ባዕዱን እህል አግኝቶ የአገሩን ያጣል፤ ዘገባውም የደጋው እርሻ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የመጣ ያስመስላል። እንዲህ ያለው ፍርድ የተሰጠው በወንፊቱ እንጂ በማስረጃው አይደለም። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ከ1926 እስከ 1927 ባደረገው ጉዞ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የእህል ዓይነቷን ብዛት ካደነቀ በኋላ አገሪቱን ከዓለም የእርሻ ዕፀዋት መነሻዎች አንዷ ብሎ መደበ። ኋላ ግን ጃክ ሃርላንና ሌሎች ሊቃውንት የአንድ እህል ዓይነቶች መብዛትና የእህሉ መነሻ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስገነዘቡ። ክርክሩን ሊፈታ የሚችለው ከመሬት የሚወጣ፣ በትክክል የተለየና ዕድሜው የታወቀ ቅንጣት ነው።

ከማይክሮስኮፕ ሥር

ቅሪቱ ከደረቀ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሥር ይለያል። መለያዎቹ የቅንጣቱ ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት፣ የገጹ ቅርጽ፣ የሽሉ መጠንና ቦታ፣ እንዲሁም ፍሬው ከእናት ተክሉ ጋር የተያያዘበት ጠባሳ ናቸው። ገብስ በመካከሉ ሰፍቶ ወደ ሁለቱም ጫፎች ይቀጥናል፤ ብዙ ጊዜም በገጹ ላይ የቅርፊቱ መስመሮች ይታያሉ። ሕዝቡ የሚያውቀው ተራ ስንዴ ግን ድቡልቡል ሲሆን በሆዱ በኩል ጥልቅ ስንጥቅ አለው። ይሁን እንጂ እሳት መልክን ይለውጣል፤ የከሰለ የስንዴ ቅንጣት በርዝመቱ ያጥርና በጎኑ ያብጣል፤ ሙቀቱ ሲያይል ደግሞ ይፈነዳል። ከዚህም የተነሣ ተመራማሪው የዛሬውን እህል በምድጃ ውስጥ በታወቀ ሙቀትና ለታወቀ ሰዓት እያከሰለ ለውጡን ማጥናት አለበት። በእጁ የማነጻጸሪያ ስብስብ የሌለው ሰው ቅንጣቷን ከሚያውቃት ነገር ጋር ያመሳስላታል፤ ከማያውቀው ጋር ሊያመሳስላት አይችልም።

ብዙ ጊዜ ከፍሬው ይልቅ ገለባው ይበልጥ ይናገራል። በዱር የሚበቅል እህል ሲበስል ዛላው በራሱ ይበታተናል፤ የተለያየበትም ቦታ ለስላሳ ጠባሳ ይይዛል። ሰው ያለመደው እህል ግን ዛላው ላይ እንደ ተያያዘ ይቆያል፤ የሚለያየው በአውድማ ላይ በኃይል ሲሰበር ስለሆነ ስብራቱ ሸካራ ነው። ከአውድማ የተጣለች አንዲት የዛላ ስባሪ የመልመድን ታሪክ ልትመሰክር የምትችለው በዚህ ነው።

ጤፍ በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ነው። የጤፍ ወገን የሆኑት ሣሮች በዓለም ላይ ከ300 ዝርያ በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም በኢትዮጵያ ይበቅላሉ። ቀዳሚ ወላጁ ነው ተብሎ የሚታሰበው የዱር ሣር ፍሬ ከጤፍ ፍሬ በመጠን ብዙ አይለይም። ሲከስል ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይጠብባል። ስለሆነም በአንዲት ቅንጣት «ጤፍ ተገኘ» ማለት አይቻልም። ብዙ ቅንጣቶች መለካት፣ ከገለባቸው ጋር መታየት፣ የተገኙበትም ቦታ ጎተራ ወይም ምድጃ መሆኑ መመርመር አለበት። ጠንቃቃ ተመራማሪ በዝርዝሩ ላይ «ጤፍ»፣ «ጤፍ የሚመስል» እና «የጤፍ ወገን ሣር» ብሎ በሦስት ደረጃ ይጽፋል። ይህ ልዩነት ከፍርሃት የመጣ እንዳይመስል፤ በምስክርነት ላይ ያለ ሐቀኝነት ነው። መካከለኛው ቃል ተሰርዞ በጋዜጣ ላይ የመጀመሪያው ብቻ ሲወጣ ታሪክ ይዛባል።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የላቀው የማነጻጸሪያ መጽሐፍ ሕያው ነው። ካትሪን ዳንድሪያ፣ ምትኩ ኃይሌና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ በትግራይ ገጠር የገበሬዎችን የእህል አሠራር ከአውድማ እስከ ጓዳ ተከታትለው አጥንተዋል። በየደረጃው የሚወጣው ቅሪት የተለያየ ነው። በነፋስ ሲበተን ቀላሉ ገለባ ይሄዳል፤ ከምርቱ ጋር የሚቀረው ከባዱ የአረም ዘር ነው፤ እንክርዳዱና ጠጠሩ በሰፌድና በእጅ ይለቀማሉ። በቅርፊት የተሸፈነው የጥንት ስንዴ ደግሞ ከአውድማ በኋላ ቅርፊቱ እንዲለቅ በሙቀጫ መወቀጥ አለበት፤ በዓለም ላይ ይህን ሥራ ዛሬም በእጅ የሚሠራ ኅብረተሰብ ጥቂት ነው። ሴቶች ለልጆቻቸው የሚያስተምሩት ይህ የሰፌድና የሙቀጫ ጥበብ፣ በቁፋሮ የተገኘ የገለባ ክምር ከየትኛው የሥራ ደረጃ እንደ መጣ ለማወቅ ቁልፍ ሆኗል። ቁልፉ ግን በማሽን መውቃትና መፍጨት በተስፋፋ ቁጥር ከእጅ እየወጣ ነው።

ያሳሳቱ ቅንጣቶች

ከእነዚህ ጥንቃቄዎች አንዱ ሲጎድል የሚደርሰውን ለማየት ሦስት ምሳሌዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የኦስትሪያዊው ፍራንዝ ኡንገር ነው። ኡንገር በ1860ዎቹ ከግብፅ የዳህሹር ፒራሚድ የመጣ የጭቃ ጡብ መርምሮ በውስጡ የጤፍ ዘር እንዳገኘ ጻፈ። ቃሉም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀዳ ጤፍ በፈርዖኖች ዘመን በግብፅ ይዘራ ነበር ለሚለው አስተያየት መነሻ ሆነ። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን ተጠራጠሩ፤ በዓባይ ሸለቆ የጤፍ ዘመድ የሆኑ የዱር ሣሮች ሞልተዋል፤ ለጡብ የሚረገጥ ጭቃም ከጭዱና ከዳርቻው ሣር ጋር ይቀላቀላል። በኢትዮጵያ ቤት ሲመረግ የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር እንደሚቦካ የሚያውቅ ሰው ዘር በጭቃ ውስጥ መገኘቱ አያስደንቀውም፤ የማን ዘር መሆኑን ግን ይጠይቃል።

ሁለተኛው በአስዋን አጠገብ የሚገኘው የዋዲ ኩባንያ ጉዳይ ነው። በ1979 ፍሬድ ዌንዶርፍና ባልደረቦቹ ከ17,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው ሥፍራ የገብስ ቅንጣቶች መገኘታቸውን አስታወቁ። ነገሩ እውነት ቢሆን የእርሻ ታሪክ እንደገና በተጻፈ ነበር። ነገር ግን ቅንጣቶቹ ራሳቸው ሲመረመሩ ከ5,000 ዓመት ያነሰ ዕድሜ እንዳላቸው ታወቀ፤ ተመራማሪዎቹም ውጤቱን በ1984 በግልጽ አሳተሙት። ከዚያው ሥፍራ የተገኙት የዱር እንግጫ መሰል ሥራሥሮች ግን በእርግጥ የዚያ ጥንታዊ ዘመን ምግብ ሆነው ጸኑ።

ሦስተኛው በአክሱም አጠገብ ባለው በጎበድራ የድንጋይ ጥላ የሆነው ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1974 ቆፍሮ በ1977 ባሳተመው ዘገባ የዳጉሳ ዘር ከክርስቶስ ልደት በፊት በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ አለው ከተባለ የአፈር ድርብ ውስጥ መገኘቱን ገለጸ። ብዙዎች ይህን የአፍሪካ እርሻ ጥንታዊነት ማስረጃ አድርገው ጠቀሱት። ዘሩ ራሱ ሲመረመር ግን ከአፈሩ በሺህ ዓመታት የሚያንስ ሆነ። አይጥ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ጉንዳን ዘር ታጓጉዛለች፣ ሥር አፈር ይበሳል፤ ትንሽ ቅንጣትም ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች።

እነዚህን ስሕተቶች ለማረም ያስቻለው የዕድሜ መለኪያው መሻሻል ነው። ዊላርድ ሊቢ በ1949 ያስተዋወቀው የራዲዮ ካርቦን ዘዴ በመጀመሪያ ብዙ ከሰል ይፈልግ ስለ ነበር ዘሩን መለካት ማለት ማስረጃውን በሙሉ ማቃጠል ነበር፤ ስለዚህ አጠገቡ የተገኘው ከሰል ይለካና ዕድሜው ለዘሩ ይሰጥ ነበር። ከ1977 ወዲህ በአክስለሬተር የሚሠራው መለኪያ ሲስፋፋ ግን አንዲት ቅንጣት ራሷ ስለ ራሷ መመስከር ቻለች። በዛሬው ጊዜ በጎረቤት ከሰል ዕድሜ ብቻ ጥንታዊ የሚባል ዘር በሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ይቸገራል።

በእጅ ያለው ማስረጃ

በዚህ ሁሉ ወንፊት አልፎ የቀረው ጥቂት ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። ጆአን ዶምብሮውስኪ በ1970 የመጀመሪያ ዘገባውን ባወጡለት፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው ላሊበላ በተባለ ዋሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የሚሆነው ገብስና ሽምብራ ተገኝቷል፤ ዋሻው ከቤተ ክርስቲያናቱ ከተማ ጋር ስሙ ቢገጥምም ሥፍራው ሌላ ነው። ከ1993 እስከ 1997 በአክሱም በተደረገው ቁፋሮ አፈሩ በሥርዓት እየተንሳፈፈ ስለ ታጠበ ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስርና ተልባ ከጤፍና ከኑግ ጋር ተለይተዋል። የውጭውና የአገሩ እህል በአንድ ከተማ አፈር ውስጥ ጎን ለጎን መገኘታቸው የአክሱም ገበሬ የተቀበለውን ከራሱ ጋር አዋህዶ ያርስ እንደ ነበረ ያሳያል።

በምሥራቅ ሱዳን በከሰላ አካባቢ ደግሞ ቀደም ሲል በ1980ዎቹ የተቆፈሩ የሸክላ ስባሪዎች እንደገና ተመርምረው በ2017 ውጤቱ ታተመ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃውን ያጠነከሩበት የማሽላ ገለባ ተቃጥሎ ቢጠፋም ቅርጹ በሸክላው ላይ ታትሞ ቀርቷል። ተመራማሪዎቹ የኅትመቱን ቅጂ አውጥተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ከዱር ማሽላ ጋር ሰው ያለመደውም መኖሩን አወቁ፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3,500 እስከ 3,000 ዓመት ነው። በመጋዘን ውስጥ የቆየ ስባሪ አዲስ ጥያቄ ሲቀርብለት አዲስ መልስ እንደሚሰጥ ይህ በቂ ምስክር ነው።

አንዳንዱ ተክል ግን ዘርን ከሚፈልግ ወንፊት ሁሉ ያመልጣል። እንሰት በዘሩ ሳይሆን ከግንዱ ሥር በሚወጣው ችግኝ ይተከላል፤ የሚበላውም ፍሬው አይደለም፤ ስለዚህ በምድጃ ውስጥ የእንሰት ዘር መፈለግ ከንቱ ነው። ለእርሱ የሚቀረው ምስክር በቅጠሉ ውስጥ የተሠሩትና ቅጠሉ ሲበሰብስ በአፈር ውስጥ የሚቀሩት ረቂቅ የሲሊካ ቅንጣቶች ናቸው። የዘር ዝርዝርን ብቻ የሚያነብ ሰው የደቡቡን ገበሬ ያለ ታሪክ ያስቀረዋል።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከዚህ ሁሉ የሚከተሉ ግዴታዎች አሉ። በመንገድና በግድብ ሥራ ምክንያት የሚደረግ አስቸኳይ ቁፋሮ እንኳ ጽዋውንና ሳንቲሙን አንሥቶ አፈሩን መጣል የለበትም፤ የምድጃው አፈር በከረጢት ተይዞ ቦታው ቢመዘገብ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ከ1976 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተሰበሰበው የእህል ዘር ሀብት ለአዳቃዩ ብቻ ሳይሆን ለቅሪት መርማሪውም የማነጻጸሪያ መዝገብ ነው፤ ሁለቱ ባለሙያዎች ሊተዋወቁ ይገባል። በእጅ የሚያበራየው ገበሬና በሙቀጫ የምትወቅጠው እናት የሚያውቁት ነገር እነርሱ ሳሉ መጻፍ አለበት።

ከሁሉም በላይ ግን ቃል በልክ ሊነገር ይገባል። የጤፍ ጥንታዊነት በዳህሹር ጡብ ላይ መደገፍ አያስፈልገውም፤ የዳጉሳም ክብር በጎበድራ ዘር አይወድቅም። ያልተረጋገጠ ማስረጃ የተወሰደበት ሕዝብ የሚያጣው የተሳሳተ ቁጥር ብቻ ነው፤ የሚቀርለት ገና ያልታጠበው አፈር ነው። በዚያ አፈር ውስጥ ያለው ቅንጣት ስለ ራሱ እስኪመሰክር ድረስ መታገሥ፣ ሲመሰክርም ከተናገረው ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ የዚህ ሙያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሥርዓት ነው።